የበኩር ጥጃዋን የምታጠባ ላም ስለምን ዳግም ሳታረግዝ ትቆያለች?

የእንስሳት እርባታ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዐምዱ አዘጋጅ፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ሥጋ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ለበዓል የሚታረዱትን በሬዎች በየዓመቱ ከነጋዴ በውድ ከመግዛት የራሴን ላሞች አስወልጄ ወይፈን ላሳድግ በሚል ሐሳብ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን በመቂ አካባቢ በተከራየነው የግጦሽ መሬት ላይ 12 የቦረና ጊደሮች ገዝተን ማርባት ጀመርን። ሁሉም በታኅሣሥና በጥር ወለዱ። ጥጃዎቹ ቀንም ሌሊትም ከእናቶቻቸው ሳይለዩ አድገው እጅግ አምሮባቸዋል፤ ላሞቹ ግን ከስተዋል፤ ይኸው ግንቦት ገብቶ እንኳ ኮርማ ሲፈልጉ የታዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ኮርማው ከመንጋው ተለይቶ አያውቅም። እረኛው ጠዋት ጠዋት ለቤተሰቡ ከእያንዳንዷ ጥቂት ጥቂት ወተት ያልባል። ወንድሜ «አሥሩ መካን ስለሆኑ ለሥጋ እንሽጣቸውና ሌላ እንግዛ» ይላል። እኔ ደግሞ ገና አንድ ጊዜ የወለደች ላም እንዴት መካን ትባላለች እያልኩ አመነታለሁ። ፎቶግራፋቸውን በስልኬ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ። ምን ይመክሩኛል?

የሥጋ ቤት ባለቤት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት፣ የእንስሳት ሐኪም የእያንዳንዷን ማሕፀን በእጁ ዳስሶ ሳይመረምር አንዲቱንም ላም ለሥጋ እንዳይሸጡ ነው። ኮርማው ከመንጋው ሳይለይ የከረመ በመሆኑ፣ ከአሥሩ መካከል ያረገዘች አለመኖሯን በዓይን አይቶ ብቻ መወሰን አይቻልም። እንደ ቦረና ያሉ ባለ ሻኛ ላሞች ኮርማ የሚፈልጉበት ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ስለሚሆን እረኛው ተኝቶ ሳለ ጀምሮ ሳይነጋ ሊያበቃ ይችላል። እርስዎ በሙያዎ ወደ ቄራ ስለሚመላለሱ፣ ሳትመረመር ተነድታ ከታረደች ላም ሆድ ጥጃ ሲወጣ አይተው ያዘኑበት ቀን እንደሚኖር እገምታለሁ። ያ ኀዘን በራስዎ መንጋ ላይ እንዳይደርስ ምርመራው ከሽያጩ ይቅደም። ሐኪሙ በዚያው ዕለት ደም ወስዶ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን የውርጃ በሽታ ቢያስመረምርልዎ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ያስወግድልዎታል። ይህ በሽታ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ የእረኛው ቤተሰብ የሚያገኘውን ወተት ሁልጊዜ አፍልቶ እንዲጠጣ ከዛሬ ጀምሮ ይንገሩልኝ።

ከደብዳቤዎና ከፎቶግራፎቹ ተነሥቼ ስናገር ግን፣ ከእነዚህ ላሞች አብዛኞቹ መካኖች አይመስሉኝም። የመውለድ አቅማቸው አለ፤ ለጊዜው ግን ታግዷል። ያገዱት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ረኃብ ሲሆን ሁለተኛው እርስዎ በውበቱ የተደሰቱበት ጥጃ ራሱ ነው።

አንዲት ላም በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ ጊዜው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በእኛው የቀን አቆጣጠር ማስላት ይቀላል። የቦረና ላም እርግዝና 285 ቀን ያህል፣ ማለትም 9 ወር ከ15 ቀን ነው። ይህ ከ365 ቀን ሲቀነስ የሚተርፈው 80 ቀን፣ ማለትም 2 ወር ከ20 ቀን ብቻ ነው። ከዚህም ውስጥ የመጀመሪያው አንድ ወር ከዚያም በላይ ማሕፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለስበት በመሆኑ ለፅንስ አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ የምትወጣው የመጀመሪያዋ እንቁላል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ላሚቱ ኮርማ የመፈለግ ምልክት ሳታሳይ የምትወጣ ናት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዑደትም፣ ማለትም ከአንዱ ኮርማ የመፈለጊያ ጊዜ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ፣ ከተለመደው 21 ቀን አጥሮ ከ8 እስከ 12 ቀን ብቻ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በ80ኛው ቀን እንድታረግዝ የምንጠብቃት ላም ከ50 እስከ 60 ባሉት ቀናት ውስጥ ዑደቷን ጀምራ መገኘት አለባት። አንድ ጊዜ ብቻ የወለደች ላም ደግሞ፣ በደንብ የተያዘች እንኳ ብትሆን፣ ብዙ ከወለዱት ይልቅ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ትዘገያለች።

የምትዘገይበት ምክንያት ግልጽ ነው። የላም አካል ያገኘውን መኖ የሚያከፋፍለው በቅደም ተከተል ነው፤ በመጀመሪያ ራሷን በሕይወት ለማቆየት፣ ቀጥሎ ለዕድገት፣ ከዚያ ለወተት፣ በመጨረሻ የተረፈ ካለ ለቀጣዩ ፅንስ ይውላል። አሮጊቷ ላም ዕድገቷን የጨረሰች ስለሆነች ከእነዚህ አንዱ ቀርቶላታል። ወጣቷ ግን ገና አጥንቷ እየረዘመ፣ የፊት ጥርሷንም እየቀየረች በዚያው ላይ ታጠባለች። ጥርስ በምትቀይርበት ጊዜ አጭርና ደረቅ ሣር መጋጥ ይቸግራታል። በጥር የወለደች ወጣት ላም ወተቷ በሚበዛበት በየካቲትና በመጋቢት በመቂ ሜዳ ላይ የምታገኘው የደረቀ ሣር ነው፤ እንዲህ ያለው ሣር የፕሮቲን መጠኑ ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ በጨጓራዋ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ራሳቸው ስለሚራቡ፣ ሆዷ ሞልቶ እያለ አካሏ ይጎዳል። እርስዎ የሚያዩት የጥጃው መወፈርና የእናቲቱ መክሳት የአንድ ነገር ሁለት ገጽታ ነው፤ ጥጃው የለበሰው ሥጋ ከእርሷ ጀርባ የተወሰደ ነው።

የጥጃው ሥራ ግን ወተት በመውሰድ ብቻ አያበቃም፤ ብዙ አርቢዎች ይህን ስለማያውቁት ጥቂት ላብራራው። ጥጃ ጡት በጠባ ቁጥር፣ ከዚያም በላይ እናቱ በጠረኑና በመልኩ የራሷ ልጅ መሆኑን ባወቀች ቁጥር፣ አንጎሏ እንቁላል ወደሚያድግበት አካል፣ ወደ ኦቫሪ፣ የሚልከውን የሆርሞን ትእዛዝ ይቀንሳል። ያ ትእዛዝ በየሰዓቱ ያህል ተደጋግሞ ካልደረሰ ደግሞ እንቁላል ማደግ ቢጀምርም ሳይበስልና ሳይወጣ ይከስማል። ሰው በእጁ ማለቡ የዚህን ያህል ኃይል የለውም፤ የሌላ ላም ጥጃ ቢጠባትም እንኳ የራሷ ጥጃ የሚያደርገውን ያህል ዑደቷን አያግድም። ስለዚህ ነገሩ ያለው ከግቷ ይልቅ በእናትና በልጅ መተዋወቅ ውስጥ ነው። ይህን አባቶቻችን በሌላ መንገድ ያውቁት ነበር። ጥጃዋ የሞተባትን ላም ለማለብ የጥጃውን ቆዳ በጭድ ሞልተው፣ ጨው ነስንሰው ከፊቷ ያቆሙላታል፤ እርሷም እየላሰች ወተቷን ታወርዳለች። ማንኛውም እረኛም ጥጃዋ የሞተባት ላም ከጓደኞቿ ቀድማ ኮርማ እንደምትፈልግ ይነግርዎታል። ሁለቱም ትዝብቶች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ የጥጃው መገኘት ወተቷን ያወርዳል፣ ዑደቷን ግን ያቆማል።

አሁን ወደ ላሞችዎ ልምጣ። የላምን ይዞታ ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ስንመዝን 1 አጥንቷ የወጣ፣ 9 ደግሞ ከመጠን በላይ የሰባች ናት። በፎቶግራፉ ላይ የአብዛኞቹ የኋላ ጎድኖች ተለይተው ይቆጠራሉ፣ የጀርባቸው አጥንት ጫፍ ይታያል፣ በዳሌና በጅራት ሥር መካከል ያለው ቦታም ጎድጉዷል። ስለዚህ 3 ወይም 4 ላይ ናቸው ማለት ነው። ሻኛን ግን አይመኑት፤ ቦረና ከስታም ሻኛዋ ሊያምር ይችላል። መታመን ያለበት እጅ ነው። መዳፍዎን በመጨረሻዎቹ ጎድኖች ላይ አሳርፈው ሳይጫኑ አጥንቱ ከተሰማዎ ቀጭን ናት፤ ጫን ሲሉ ብቻ ከተሰማዎ 5 ላይ ደርሳለች።

ዛሬ ሊያደርጉ የሚገባው የመጀመሪያ ነገር የጠዋቱን ማለብ ማስቆም ነው። ለእረኛው ቤተሰብ ሌላ የምትታለብ ላም ወይም የወተት መግዣ ይመድቡለት፤ የሕፃናቱ ጽዋ መቅረት የለበትም፣ ነገር ግን ከእነዚህ ወጣት ላሞች ሊመጣ አይገባም። ሁለተኛው ጥጃዎቹን ጡት ማስጣል ነው። በተለመደው አሠራር የሥጋ ከብት ጥጃ ጡት የሚጥለው ከ7 እስከ 8 ወር ሲሆነው ነው፤ የእርስዎ ግን 4 እና 5 ወር ስለሆናቸውና ጨጓራቸው ሣርና ጥራጥሬ ለመፍጨት ስለደረሰ፣ እናቶቻቸው በዚህ ይዞታ ላይ እያሉ እስከ ነሐሴ መጠበቁን አልመክርም። ጥጃዎቹን ከእናቶቻቸው ዕይታና ድምፅ በራቀ ጠንካራ በረት ያስገቧቸው፤ ለስላሳ ድርቆሽ፣ ንጹሕ ውኃና ለእያንዳንዱ በቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ፉርሽካና ፋጉሎ የተደባለቀበት መኖ ይስጧቸው። ይህ ወጪ አለው፤ ሆኖም በላሚቱ በኩል ለጥጃው ከማብላት ይልቅ ለጥጃው በቀጥታ ማብላት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፤ ምክንያቱም መኖ በእናቲቱ ሆድ አልፎ ወተት እስኪሆን ድረስ ብዙው ይባክናል።

ሦስተኛው ኮርማውን መለየት ነው። ይህ ምክሬ እንግዳ ሊመስልዎ ይችላል፤ ላሞች አላረገዙም ብለው ለጻፉልኝ ሰው ኮርማውን ያስወጡ ማለት ነውና። ነገር ግን የዚህ ሁሉ ችግር ሥር ላሞቹ በተሳሳተ ወቅት መውለዳቸው ነው። ዛሬ በግንቦት ያረገዘች ላም የምትወልደው በየካቲት፣ በድርቁ መካከል ስለሚሆን ያው መከራ ይደገማል። በአንጻሩ በመስከረም 1 ኮርማው ቢገባ የመጀመሪያዎቹ ጥጃዎች በሰኔ አጋማሽ ከዝናቡ ጋር ይወለዳሉ፤ ከዚያ ላይ 80 ቀን ሲቆጠር ጳጉሜን አልቃ እንደገና መስከረም 1 ላይ ይደርሳሉ። ላሚቱ ከወለደች በኋላ ያሉት ቀናት በሙሉ ሣሩ በበዛበት ወራት ላይ ይውላሉ ማለት ነው። በዚህ ዓመት ጥቂት ወራት ያጣሉ፤ ከሚያጧቸው ወራት ይልቅ የሚያገኙት ወቅት ይበልጣል። ጡት ያስጣለች ላም በክረምቱ ግጦሽ ላይ በቀን ግማሽ ኪሎ ብትጨምር በ100 ቀን 50 ኪሎ ታገኛለች። ለዚህ ዓይነት ላም በመለኪያው አንድ እርከን ለመውጣት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ስለሚበቃ፣ መስከረም ሲጠባ 5 ላይ ልትደርስ ትችላለች። ኮርማው ለ60 ቀን ከመንጋው ጋር ይቆይ፤ ከወጣም ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሙ እንደገና ይመርምራቸው። ያን ጊዜ በጥሩ ይዞታ ላይ ሆና፣ ጥጃ ሳይኖርባትና ከጤነኛ ኮርማ ጋር 60 ቀን ቆይታ ያላረገዘች ላም ካለች፣ ወንድምዎ ስለ እርሷ የተናገሩት እውነት ሊሆን ስለሚችል ብትሸጥ አልቃወምም። ኮርማውንም አስቀድመው ያስመርምሩ፤ ለ12 ላሞች አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ኮርማ ከበቂ በላይ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ጊደሮች ካሉዎት፣ አዋቂ ክብደታቸው 380 ኪሎ የሚደርስ ከሆነ 250 ኪሎ ገደማ ሳይሞሉ ኮርማ አያስጠጉባቸው። ሲደርሱም ከአሮጌዎቹ ላሞች አንድ ወር ቀድመው፣ በነሐሴ መባቻ ቢጠቁ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ስለሚወልዱ፣ ያ የሚዘገዩበት ከ2 እስከ 4 ሳምንት አስቀድሞ ተከፍሎላቸዋል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረትዎን የምሻው ከመውለዳቸው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ላይ ነው። ላም ከወለደች በኋላ የሚሰጣት መኖ ብዙው ወደ ወተት ስለሚሄድ የከሳ ጀርባ ቶሎ አይሞላም፤ ከመውለዷ በፊት የተቀመጠ ሥጋ ግን ለሁለቱም ይተርፋል። የበኩር ወላድ ስትወልድ ከ5 በላይ፣ ቢቻል 6 ላይ እንድትሆን እፈልጋለሁ። በእነዚህ ወራት የሚዛን ቁጥር እንዳያታልልዎ ይጠንቀቁ፤ የፅንሱ ዕድገት አብዛኛው የሚሆነው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በመሆኑ፣ ላሚቱ ክብደት እየጨመረች ጀርባዋ ሊከሳ ይችላል። በሰኔ ለምትወልድ ላም እነዚህ ወራት ከመጋቢት አጋማሽ ይጀምራሉ፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ሥጋ ቤትዎ በዐቢይ ጾም የሚዘጋበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ እርስዎ ራስዎ መቂ ወርደው የእያንዳንዷን ጎድን በእጅዎ እየዳሰሱ ቀጫጭኖቹን ለብቻ እንዲለዩ እመክራለሁ፤ ወጣቶቹ ከአሮጌዎቹ ጋር በአንድ ገንዳ ከበሉ በቀንድ እየተገፉ ድርሻቸውን ያጣሉ።

ምን ይብሉ ለሚለው፣ 320 ኪሎ የምትመዝን ወጣት ላም በቀን 7.5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል። ከዚህ ውስጥ 5.5 ኪሎው የፕሮቲን መጠኑ 6 በመቶ የሆነ ድርቆሽ ቢሆን የሚገኘው ፕሮቲን 330 ግራም ነው። በዚያ ላይ 1.3 ኪሎ ፉርሽካና 0.7 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ቢጨመር፣ ፉርሽካው ወደ 16 በመቶ፣ ፋጉሎው ወደ 30 በመቶ ፕሮቲን ስላላቸው ሌላ 420 ግራም ያህል ይገኛል፤ ሁሉም ተደምሮ ከመኖው 10 በመቶ ይሆናል። ይህ ለእርጉዟም ለምታጠባዋም ወጣት ላም የሚበቃ ነው። ድርቆሽ ካጡ የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ በዩሪያ ያሻሽሉ፤ ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር በሚሆን ውኃ በሚገባ ተሟሙቶ ይረጭበታል፣ ከዚያም በፕላስቲክ ተሸፍኖ አየር ሳያገኘው 3 ሳምንት ይቆያል፤ ከመሰጠቱ በፊት ሽታው እንዲወጣ ይነፍሳል። ያልሟሟ ዩሪያ መርዝ ስለሆነ ከብቶች በሚደርሱበት ቦታ አይቀመጥ፤ ለትንንሽ ጥጆችም የታከመውን ጭድ አይስጡ። አሞሌ ጨውና የማዕድን ድብልቅ ሁልጊዜ ይኑር። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው ተረፈ ብቅል መልካም መኖ ነው፤ ግን አብዛኛው ውኃ ስለሆነና በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚበላሽ፣ ከአዲስ አበባ እስከ መቂ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ማጓጓዙ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

«በእርግዝናዋ መጨረሻ በደንብ ከበላች ጥጃው ገዝፎ ምጥ ይጸናባታል» የሚል ፍራቻ በብዙ አርቢዎች ዘንድ አለ። ማስራብ ምጡን አያቀልም፤ ይልቁንም ለመግፋት አቅም ያጣች እናትና ለመቆም የማይችል ጥጃ ያመጣል። የምጥን ነገር የሚወስነው በይበልጥ የኮርማው ምርጫና የጊደሯ ስፋት ነው።

በሰኔ ከወለዱ በኋላስ? በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ጥጃው እንገሩን ይጥባ፤ የመጀመሪያውን አንድ ወርም ከእናቱ ጋር እንደ ልቡ ይቆይ። ከ30ኛው ቀን ጀምሮ ግን ጥጃዎቹን እናቶቹ በማያዩአቸውና በማይሰሟቸው በረት ለይተው፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ያህል እናቶቻቸውን እንዲጠቡ ያድርጉ። ደከም ያለ ጥጃ ካለ እርሱ ጠዋትና ማታ ይጥባ። በሐምሌ ማብቂያ የሚጀመረው ይህ ልየታ እስከ ኅዳር መባቻ፣ ኮርማው እስኪወጣ ድረስ ከቀጠለ ይበቃል። ለዚህ የሚሆን የሰው ጉልበት ካጡ ቀለል ያለው መንገድ ኮርማው በሚገባበት ጊዜ ጥጃዎቹን ለ48 ሰዓት ብቻ ለይቶ መመለስ ነው፤ ይህ ግን የሚሠራው ይዞታቸው መካከለኛ ለሆነ ላሞች ነው። የከሳችን ላም ጥጃዋን ቢለዩባት ጩኸቷን ከመስማት በቀር የሚያገኙት ጥቅም የለም። ኮርማውም ከለዩት በኋላ ሲመለስ ሽታውና መገኘቱ ራሱ የወጣት ላሞችን ዑደት ስለሚያነቃቃ፣ ተለይቶ መቆየቱ በዚህ በኩልም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በበጋ ዕረፍት አያቴ ጋ ሄጄ ጥጃ ከእናቱ ሲለይ ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ከእንስሳት ምርት ለማትረፍ ሲባል እንዲህ ማድረግ ጭካኔ አይሆንም?

ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ የሰማሽው ጩኸት እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ እንስሳ ነውና ምንም አይሰማውም ብዬ ላጽናናሽ አልወድም። ሙሉ በሙሉ ጡት በሚያስጥሉበት ጊዜ ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። እኔ ግን ከዚያ ጩኸት ጎን ለጎን ድምፅ የሌለውን መከራም እመዝናለሁ፤ ወጣቷ ላም ሳትጮኽ በየቀኑ እየከሳች ቆይታ በሚቀጥለው በጋ ስትወድቅ፣ ወይም ሳታረግዝ ቀርታ በወጣትነቷ ወደ ቄራ ስትነዳ የሚሰማት ሰው የለም።

ስለዚህ መለየቱ እንዴት እንደሚደረግ እንጠንቀቅ። ጥጃው አንድ ወር ሳይሞላው፣ ሣር መነጫጨት ሳይለምድ ወይም ታሞ ሳለ አይለይ። ብቻውን ሳይሆን ከእኩዮቹ ጋር፣ ጥላና ንጹሕ ውኃ ባለበት ቦታ ይሁን። በዚያው ሳምንት ክትባት፣ ቀንድ ማቃጠል ወይም ረጅም ጉዞ አይደረብበት። በቀን አንድ ጊዜ የሚጠባ ጥጃ በተወሰነ ሰዓት እናቱን ማግኘትን በጥቂት ቀናት ይለምዳል፤ ሰዓቱ ከተዛባ ግን ሁለቱም እንደገና ይጨነቃሉ። አያትሽ ሰዓቱን በየቀኑ አንድ ዓይነት እንዲያደርጉት ብትነግሪያቸው ጩኸቱ እንደሚቀንስ ታያለሽ።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነው የምኖረው። ሱሉልታ ዘመዶቼ ዘንድ ያሉኝን 5 ጥጃ የሚያጠቡ ላሞች ኮርማ እንዲፈልጉ መርፌ አስወጋኋቸው። ምልክት ያሳየችው አንዲቱ ብቻ ናት። ገንዘቤ የባከነው መድኃኒቱ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ነው ወይስ ባለሙያው ተሳስቶ?

የቤት እመቤት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ እመቤቴ፣ ምናልባት ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ለዚህ በብዛት የሚሰጠው ፕሮስታግላንዲን የተባለው ሆርሞን የሚሠራው እንቁላል ከወጣ በኋላ በኦቫሪ ላይ የሚቀረውን ቢጫ አካል በማሟሟት ነው። ዑደቷን ያልጀመረች ላም ይህ ቢጫ አካል ስለሌላት መርፌው የሚያሟሟው ነገር አያገኝም፤ አንዲቱ የተሳካላት ዑደቷን ጀምራ ስለነበር ይመስለኛል። ባለሙያው ከመርፌው በፊት እያንዳንዷን ዳስሶ መርምሮ ከሆነ ይህን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለብዎ ምርመራ መደረጉን ነው። ምርመራው ሌላም አስፈላጊነት አለው፤ ይህ መርፌ እርጉዝ ላም ላይ ቢወጋ ያስወርዳታል። ነፍሰ ጡር ሴትና የአስም ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን በእጃቸው እንዳይነኩትም ያስጠንቅቁልኝ፤ በቆዳ በኩል ያልፋል።

ዑደት ላልጀመሩት አራቱ ላሞች ሐኪም የሚጠቀምበት ሌላ መንገድ ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን የያዘ መሣሪያ በብልታቸው ውስጥ ለ7 ቀን ያህል አስቀምጦ ማውጣት ነው፤ መሣሪያው ሲወጣ ጥጃውን ለ48 ሰዓት መለየት ውጤቱን ያጠናክረዋል። ይሁን እንጂ ላሞቹ ከከሱ ይህም ቢሆን አይረዳቸውም፤ የሚቀጥለውን የመርፌ ገንዘብ መጀመሪያ ለሁለት ወር ፉርሽካና ፋጉሎ ያውሉትና ጎድናቸው ሲሸፈን ሐኪሙን መልሰው ይጥሩት።